ሦስተኛው ሽቦ

ልብስ ሰፊዋ ቁጡ ሴት አልነበረችም። ደንበኞቿ ይህን ይመሰክራሉ። ተለክቶ የተሰፋ ቀሚስ "ወገቡን አስፊልኝ" ብለው ሲመልሱባት፣ በሳምንቱ ደግሞ ያንኑ ቀሚስ ይዘው "አጥብቢልኝ" ሲሏት፣ ከአንገቷ የማይለየውን ሜትር አንስታ እንደገና ትለካለች እንጂ ፊቷን አታጠቁርም። "ከሰው ወገብ ጋር ምን አጣላኝ፤ ሲፈልግ ይሰፋል፣ ሲፈልግ ይጠባል" ትላለች። እንዲህ ያለችው ሴት አንድ ሳምንት ሙሉ ካገኘችው ሰው ሁሉ ጋር የተነታረከችው በአንድ ሶኬት ምክንያት ነው።

በመንገዱ በኩል ያለው ክፍል ሥራ ቦታዋም እንግዳ መቀበያዋም ነበር። አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ከመስኮቱ ሥር የካውያ ጠረጴዛ። ለዚህ ሁሉ መብራት የሚመጣው ግድግዳው ላይ በጉልበት ከፍታ ከተተከለ አንድ አሮጌ ሶኬት ነው። ሶኬቱ ድሮ ነጭ ነበር ይባላል፤ እሷ በሙሽርነት ወደዚህ ቤት ስትገባ ግን ወተት የነካው ሻይ መስሎ ነበር። ጉድጓዶቹ ላልተው የካውያው መሰኪያ አልጨብጥ ሲል አማቷ፣ የባሏ አባት፣ መላ አበጅተውለታል፤ ከክብሪት ቀፎ የተቀደደ ካርቶን አጣጥፈው በመሰኪያው ጎን ሸጎጥ ያደርጉለታል፣ ቀጥ ይላል። ካርቶኑ በየወሩ ይለወጣል። ሰፊዋ ይህን ዓይታ እንዳላየች ለስምንት ዓመት ኖረችበት።

ነገሩ የፈነዳው አርባ የተማሪ ጉርድ ቀሚስ ተረክባ በምትሠራበት ሳምንት ነው። ጉርዱ ሽንሽን ነው፤ ሽንሽን ደግሞ ያለ ካውያ አይቆምም። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ አሥራ አንደኛውን ስትተኩስ የዓሣ ሽታ የመሰለ ነገር አፍንጫዋን መታው። ጎረቤት ምሳ እያሳረረ ነው ብላ ቀጠለች። የአራት ዓመት ልጇ ከጠረጴዛው ሥር ተቀምጣ የወደቁ ስፒሎችን በማግኔት ትለቅም ነበር፤ ይህ የልጅቷ የዘወትር ሥራ ነው። በድንገት "እማዬ፣ ግድግዳው ይጮኻል" አለች። ሰፊዋ ጎንበስ ብላ ብትሰማ እውነትም ሶኬቱ እንደሚጠበስ ነገር ይንጫጫል። መሰኪያውን ልትነቅል ስትይዘው ቀልጦ ተጣብቋል፤ ጣቷን ፈጃት። ሮጣ ሄዳ ከቆጣሪው አጠገብ ዋናውን ማጥፊያ አወረደችውና ተመልሳ በጨርቅ ይዛ ነቀለችው። የሶኬቱ አንድ ጎን ከነካርቶኑ ከስሏል። ከሶኬቱ በስንዝር ርቀት ልጅቷ እፍኝ ሙሉ ስፒል ይዛ ቆማለች።

ሰፊዋ ስፒሎቹን አየች፣ የሶኬቱን ጉድጓድ አየች፣ እንደገና ስፒሎቹን አየች። እስከዛሬ ይህ እንዴት አልታየኝም ብላ በራሷ ላይ ነው መጀመሪያ የተናደደችው። በቤቱ ውስጥ ሰባት ሶኬት አለ፤ ሁሉም በጉልበት ከፍታ፣ ሁሉም እኩያ። የከሰለውን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ልታስለውጥ ወሰነች።

አማቷ ወሬውን ሲሰሙ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ መጥረግ ጀመሩ። ይህ የመከፋታቸው ምልክት ነው። ከዱቄት ፋብሪካ መካኒክነት ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ቤቱን ሲያሠሩ ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት የኤሌክትሪኩን ሽቦ ከዳር እስከ ዳር በገዛ እጃቸው የዘረጉ እሳቸው ናቸው፤ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ይህን ሳይናገሩ አይውሉም። "ሠላሳ አንድ ዓመት አንዲት ቀን እሳት ያላየ ቤት ነው" አሉ። "አንዱ ሶኬት ቢበላሽ አንዱን መለወጥ ነው። ሰባቱን ምን አደረጉሽ?"

ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ያን ሰሞን መንገድ ላይ ነበር። ስትደውልለት መጀመሪያ ጣቷን ጠየቃት፣ ከዚያ አባባን እንዳታስቀይሚ አላት፣ ከዚያ መጣሁን ጥሪው ብሎ ስልኩን ዘጋ። መጣሁ የሰፈሩ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ሆኖም ማንም ደውሎ የት ደረስክ ሲለው "መጣሁ፣ መጣሁ፣ ማዕዘኑ ጋ ነኝ" ስለሚል በዚያው ጸደቀለት። ማዕዘኑ የት እንደሆነ እስካሁን የደረሰበት የለም። ሰፊዋም ደወለች። ማዕዘኑ ጋ ነበር። በማግስቱም ማዕዘኑ ጋ ነበር።

ጉርዱ ግን አይጠብቅም። ካውያውን መሰኪያውን አስቀይራ ወደ መኝታ ቤት ወሰደችና ብርድ ልብስ አንጥፋ አልጋው ላይ መተኮስ ያዘች። አልጋ ላይ ሽንሽን አይያዝም፤ ፍራሹ ሲሰምጥ መስመሩ ይጣመማል። ወገቧ ተቆረጠ። በሦስተኛው ጉርድ ላይ እጇን ሰድዳ የመኝታ ቤቱን ሶኬት ብትነካው ትኩስ ነው። ካውያውን ነቅላ ቁጭ አለች። መጣሁን ከመጠበቅ ሶኬቶቹን ራሴ ልግዛና ይዤ ልጠብቀው ብላ ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ወጣች።

የመጀመሪያው ሱቅ ያብረቀርቃል። ሻጩ በስልኩ እያወራ ሶኬት ስትለው ከመደርደሪያው ላይ እጁ ያገኘውን አወረደ። ነጭ ነው፣ ዳሩ የወርቅ መስመር አለው። ጥሩ ነው ወይ ብትለው አንደኛ ደረጃ ነው አላት፤ ከየት የመጣ ነው ብትለው ከውጭ አላት። ስንት ኃይል ይችላል ብላ ልትጠይቅ ነበር፤ እንዴት ተብሎ እንደሚጠየቅ ስላላወቀች ተወችው። አማቷን ለማለሳለስ አስባ ከሰባቱ ስድስቱን ብቻ ገዝታ ተመለሰች፤ እሳቸው ክፍል ያለውን ለጊዜው ልትተውላቸው።

ቤት ደርሳ አንዱን ከካርቶኑ አውጥታ ስትይዘው እጇ ተጠራጠረ። ሰፊዋ ዕቃ በእጇ የምታውቅ ሰው ናት። ዚፕ ስትገዛ ከፍታ ዘግታ፣ ከፍታ ዘግታ፣ በሦስተኛው ላይ የሚያንገራግር ከሆነ ትመልሳለች። ሶኬቱንም እንደዚያው ሞከረችው። ግድግዳ ላይ ሳይተከል በባዶው የካውያውን መሰኪያ ሰካችው፣ ነቀለችው። መጀመሪያ ጥብቅ ነበር። በአምስተኛው ላይ መሰኪያው በራሱ ክብደት ወለል ላይ ወደቀ። ገልብጣ ጀርባውን ብታይ መሰኪያውን የሚይዘው ብረት እንደ ከረሜላ ወረቀት የሳሳ ነው። በዚያ ላይ ከአሮጌው ጎን ስታስቀምጠው የብሎን ቀዳዳዎቹ ርቀት አይገጥምም።

ስድስቱንም ሰብስባ ተመለሰች። ሻጩ አሁንም በስልክ ያወራል። የተሸጠ አይመለስም የሚለውን ጽሑፍ በጣቱ አሳያት። መሰኪያ አምጥታ እንደማይይዝ ልታሳየው ስትል፣ ይህ የወንድ ሥራ ነው፣ ባለሙያ ላኪ፣ ባለሙያ ሲሰካው ይይዛል አላት። መንገድ ላይ ስትሄድ ልትመልስለት የሚገባው መልስ በየአሥር እርምጃው አንድ አንድ ይመጣላት ነበር፤ ሁሉም ከሱቁ ውስጥ ይልቅ እዚህ ያምር ነበር።

ሁለተኛው ሱቅ ከጎማ ጠጋኙ ጀርባ ነው፤ ጠባብ ነው፣ አቧራ አለው። የሱቁ ባለቤት ዕድሜ የጠገቡ ሴት ናቸው፤ ወፍራም መነጽር አድርገው ከባንኮኒው ኋላ ተቀምጠዋል፣ ለደንበኛ አይነሱም። ሰፊዋ ስድስቱን ሶኬት ባንኮኒው ላይ ዘረገፈችና እንዲህ ያልሆነ ሶኬት ይስጡኝ አለች። ሴትዮዋ አንዱን አንስተው በመዳፋቸው መዘኑት። ከመሳቢያቸው ማግኔት አውጥተው ወደ ውስጡ ብረት ሲያስጠጉት ጠቅ ብሎ ተጣበቀ። "ቆርቆሮ ነው፤ ቢጫ ቀለም የተቀባ። ነሐስ ማግኔት አይዘውም" አሉ። የራሳቸውን አውርደው አሳዩአት፤ ከበድ ይላል፣ ማግኔቱን አይቀርብም፣ ጀርባው ላይ የሚችለውን ኃይል የሚያሳይ አሥራ ስድስት የሚል ቁጥር ተቀርጿል። ካውያ የሚሰካበት ከዚህ ቁጥር እንዳያንስ አሏት። ከፊት ለፊቱ ደግሞ ጉድጓዶቹ ከውስጥ ተከድነዋል፤ ሁለቱ እግሮች እኩል ሲገፉት ይከፈታል እንጂ በአንድ በኩል ስፒል ቢከቱበት አይከፈትም። ሰፊዋ ራሷ በስፒል ሞከረችው። አልገባም። ከዚያ ሳምንት ውስጥ ደስ ያላት ያን አንዲት ደቂቃ ነው ማለት ይቻላል።

"ሰባት ይስጡኝ" አለች።

ሴትዮዋ አልሰጧትም። ግድግዳው ውስጥ ያለው ሳጥን ክብ ነው ወይስ አራት ማዕዘን፣ ከብሎን እስከ ብሎን ስንት ነው፣ ከሳጥኑ የሚወጣው ሽቦ ሁለት ነው ሦስት ብለው ጠየቋት። አንዱንም አታውቅም። "እንግዲያው ሂጂና አይተሽ ነይ። ሳያውቁ መሸጥ እዚያኛው ሱቅ ነው ያለው" አሏት። ሰፊዋ ታልቅስ ወይስ ትሳቅ አላወቀችም። አንዱ ሳይጠይቅ ሸጠላት፣ አንዷ ጠይቀው አልሸጥም አሏት። በመካከሉ ሃያ ስድስት ጉርድ ሳይተኮስ ተከምሯል።

ቤት ገብታ ዋናውን ማጥፊያ አወረደች። ከአማቷ የዕቃ ሣጥን ካቻቢቴና ያችን ጫፏ መብራት ሲነካ የምትበራ መሞከሪያ ሳትጠይቅ ወሰደች። የመሞከሪያዋን ጫፍ በየጉድጓዱ አስገብታ እንደማትበራ ካረጋገጠች በኋላ የከሰለውን ሶኬት ፈትታ ሳበችው። ሦስት ሽቦ ነው። ሁለቱ ከሶኬቱ ጋር ታስረዋል፣ አንዱ ጠቁሯል። ሦስተኛው፣ አረንጓዴና ቢጫ የሆነው፣ ከምንም ጋር አልታሰረም፤ እንደ ክር ጥቅልል ተጠምዝዞ፣ ጫፉ በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሎ ሳጥኑ ጥግ ተቀምጧል። አሠራሩ ያምራል፤ አንድ ሰው በጥንቃቄ፣ ቸኩሎ ሳይሆን አስቦበት የጠቀለለው ነው።

ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ከብሎን እስከ ብሎን ስትለካ አማቷ ደረሱባት። ራዲዮናቸው ስለጠፋባቸው ነው የመጡት። ወለሉ ላይ ካቻቢቴያቸውን አዩ፣ የተፈታውን ሶኬት አዩ። ካቻቢቴውን አንስተው በሸሚዛቸው ጠርገው ሄዱ። በዚያን ቀን ምሳ በየክፍሉ ተበላ።

ወደ ሱቁ ተመልሳ ስለ ሦስተኛው ሽቦ ስትናገር ሴትዮዋ ማግኔታቸውን አስቀመጡ። ያ ሽቦ ከቤቱ ወጥቶ መሬት ውስጥ ከተቀበረ የብረት ዘንግ ጋር መገናኘት አለበት አሏት። ካውያው ወይም ፍሪጁ ከውስጥ ተበላሽቶ አካሉ መብራት ሲይዝ፣ መብራቱ በዚያ ሽቦ ወደ መሬት ይወርዳል፣ ብሬከሩም ይወድቃል። ሽቦው ካልተገናኘ በሰው በኩል ነው የሚወርደው። "ይህን ሳትጠይቂ ሰባት ብሸጥልሽ የማይከፈት መስኮት እንደሸጥኩልሽ ነው፤ ማማሩን ያምራል" አሉ። ደግሞ አስጠነቀቋት፤ የሚመጣው ባለሙያ ያንን ሽቦ መብራቱ ዞሮ ከሚመለስበት ከመላሹ ሽቦ ጋር ላጋጥመው ካለ እምቢ በይው፣ ያ ይብሳል አሏት። ሰፊዋ ሁለቴ ደጋግማ በቃሏ ያዘችው።

አማቷን ጓሮ አገኘቻቸው፤ የግንቡ ጥላ ሥር ወንበር ይዘው ተቀምጠዋል። ተናዳ ነበር። ቢሆንም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

"አባባ፣ አረንጓዴው ሽቦ የት ይደርሳል?" አለቻቸው።

መጀመሪያ ተቆጡ። ሙያቸውን ማንም እንዳልጠየቃቸው፣ እሷ መርፌዋን ብትይዝ እንደሚሻላት፣ የዛሬ ዕቃ ሁሉ እንደማይረባ፣ የእሳቸው ሶኬት ሠላሳ አንድ ዓመት እንደቆየ ተናገሩ። እሷ ግን አልሄደችም። ሲደክማቸው ድምፃቸው ወረደ።

"የትም አይደርስም" አሉ። "ያን ጊዜ የሚቀበረው ዘንግ ገበያ ላይ አልነበረም። ሽቦውን ዘርግቼ ልተወው፣ ዘንጉ ሲገኝ አገናኘዋለሁ አልኩ። ቤቱ በራ፣ ገባንበት፣ ልጅ ተወለደ። ረሳሁት።" ጉልበታቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። "አልረሳሁትም። በየዓመቱ ትዝ ይለኝ ነበር። አንዴ ዋናው ሠርቷል ካልኩ በኋላ ለማን ብዬ አፈርሳለሁ?"

ሰፊዋ ልትናገር ስትል እጃቸውን አነሱ።

"ባለቤቴ ፍሪጁን ስትከፍት ይቆነጥጣት ነበር። 'ይሄ ነገር ይነዝረኛል' ትለኝ ነበር። እጅሽን አድርቂ እላታለሁ። ሁልጊዜ እጅሽን አድርቂ። እሷም ከፍሪጁ ጎን ፎጣ ሰቅላ፣ እጇን እያደረቀች እየከፈተች ኖረች።"

የባሏን እናት የገደላቸው የልብ ሕመም ነው፤ አልጋቸው ላይ ነው ያረፉት፣ ሰፊዋ ራሷ አስታማቸዋለች። ፍሪጁ ምንም አላደረጋቸውም። ግን ሃያ ምናምን ዓመት እውነት ተናግረው ያልታመኑ ሰው ነበሩ፤ ይህን አማቷ አሁን ጮክ ብለው ሲናገሩት ለራሳቸውም አዲስ ነገር የሰሙ መሰሉ። ሰፊዋ አዘነችላቸው። ማዘኗ ደግሞ ይብስ አናደዳት። ስንት ቀን ያጠራቀመችው ቁጣ ነበር፤ አሁን በማን ላይ ታውጣው? እንዲህ አንገቱን በደፋ ሽማግሌ ላይ አይጮኽም። ተነስታ ወደ ጉርዷ ሄደች፤ አንድ ሽንሽን ሁለት ጊዜ አበላሸች።

በማግስቱ ጠዋት ከጓሮ የዶማ ድምፅ ሰማች። አማቷ እጅጌያቸውን ሰብስበው የግንቡን ጥግ እየቆፈሩ ነው። አጠገባቸው የዛገ የመኪና ብረት ተጋድሟል፤ እሱን ሊቀብሩት ነው። ይህ እንደማይሆን፣ ለዚህ ተብሎ የተሠራ መዳብ የለበሰ ዘንግ እንዳለ፣ የዛገ ብረት እንደማይረባ ነገረቻቸው። ብረት ብረት ነው አሉ። አባባ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የቆየ ነገር ነው፣ አንድ ቀን ጨምረው በወጉ ይሠራ አለች። ዶማውን ተክለው ቆሙ፤ ተከራካሪ ፊታቸው ቀስ በቀስ ሲፈታ አየችው። በቃ እሺ አሉ፤ ጉድጓዱን ግን አልደፍንም አሉ።

መጣሁ የመጣው ተስፋ በቆረጠችበት በዚያው ቀን፣ ከምሳ በኋላ ነው። የዕቃ ቦርሳውን ወለሉ ላይ ጣል አድርጎ፣ የከሰለውን ሶኬት አይቶ ሳቀ፣ የአማቷን ናስትሮ አይቶ ደግሞ አደነቀ። የመሬቱ ነገር ቀላል ነው፣ ከውሃ ቧንቧው ጋር አስረዋለሁ አለ። ሰፊዋ ቧንቧው አምና በፕላስቲክ መለወጡን ነገረችው። ፕላስቲክ ከሆነ አይሆንም ብሎ አገጩን አሸ፤ እንግዲያው ከመላሹ ሽቦ ጋር እናጋጥመዋለን፣ ማንም አያውቀውም አለ።

"እኔ አውቀዋለሁ" አለች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለመጣሁ ከባድ ቀን ነበር። ይዛው ወደ ሴትዮዋ ሱቅ ሄደች። ሴትዮዋ ከልጅነቱ ያውቁታል ኖሮ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩትና የዚህን ቤት ሽቦ ከምን ጋር ልታስረው ነበር ብለው ጠየቁት። መጣሁ ጣራ ጣራውን አየ። መዳብ የለበሰውን ዘንግ፣ ማያያዣውን፣ ሰው መነዘር ሲጀምር በቅጽበት የሚያጠፋ ብሬከር፣ ሰባት ሶኬት ከመደርደሪያው አስወረዱት። አሁን ሸጡላት።

ዘንጉ አማቷ በቆፈሩት ጥግ ገባ። ሽቦው ከዘንጉ ወደ ማከፋፈያው ሳጥን ተዘረጋ። ከዚያ ወደ ሶኬቶቹ ሲዞሩ ሰፊዋ ከመጣሁ ትከሻ ላይ አልወርድም አለች። ሽቦው ምን ያህል ተልጦ እንደሚገባ፣ ብሎኑ መዳቡን እንጂ ላስቲኩን እንዳይነክስ፣ አረንጓዴው ከመካከለኛው ብሎን መግባቱን ታያለች። የመጀመሪያውን አስሮ ወደ ግድግዳው ሊገፋው ሲል አንዴ ልየው አለችና እያንዳንዱን ሽቦ በሁለት ጣቷ ሳብ አደረገችው፤ የሰፋችውን ቁልፍ እንደምትፈትሸው። ሁለቱ ጸኑ። ሦስተኛው ተነቅሎ እጇ ላይ ቀረ።

መጣሁ ቸኩዬ ነው አለ።

"ወንድሜ" አለችው፤ ድምፅዋ ከፍ አላለም፣ እሱ ግን ቀና ብሎ አያት። "የእኔ ቁልፍ ቢነቀል ደንበኛዬ ይዛው ትመለሳለች። የአንተ ሲነቀል ማን ነው የሚመለሰው?"

ከዚያ ወዲህ መጣሁ እያንዳንዱን ሽቦ ራሱ እየሳበ ያሳያት ጀመር። አራተኛውንና አምስተኛውን እሷ አሰረች፤ እሱ ቆሞ አየ፣ ሳበው፣ አልተነቀለም። ስድስተኛው የአማቷ ክፍል ነበር። አስቀድመው አልጋቸውን ከግድግዳው አርቀው፣ አቧራውን ጠርገው ይጠብቁ ነበር፤ ናስትሮውን ራሳቸው ፈቱት።

ሰባተኛው የማድ ቤቱ ነው፤ እሱ እምቢ አለ። ሶኬቱን ሲስቡት የሽቦው ልባስ እንደ ደረቅ ቅጠል ረገፈ፤ የስንት ዓመት ሙቀትና እንፋሎት የበላው ነው። ግድግዳው ተሰንጥቆ አዲስ ሽቦ ካልገባ በቀር እዚህ ምንም አልሰካም አለ መጣሁ። በዚህ እንኳ እውነቱን ነበር። ሽቦው ከማከፋፈያው ሳጥን ተቆርጦ፣ ቀዳዳው በባዶ ክዳን ተዘጋ። መሰንጠቂያ መሣሪያ ይዤ ማክሰኞ እመጣለሁ ብሎ ሄደ። ሰፊዋ የትኛው ማክሰኞ ብላ አልጠየቀችውም፤ ደክሟት ነበር።

ፍሪጁ ከማድ ቤት ወጥቶ ሥራ ክፍሏ ገባ፤ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ጎን ቆሞ ሲያጓራ ይውላል፣ በሩ ሲከፈት የጠረጴዛውን ጥግ ይመታል። ጉርዶቹ በሁለት ቀን ዘግይተው ደረሱ። የትምህርት ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ አርባውንም አንድ በአንድ ቆጥሮ፣ ሽንሽኑን ዓይቶ ምንም እንከን ሲያጣ በመዘግየቱ ላይ ረጅም ንግግር አደረገላት። ሰምታው ወጣች። ስለ ሶኬት መናገር ሰልችቷት ነበር።

ስድስቱ ቀጫጭን ሶኬቶች አሁንም ቤት ውስጥ ነበሩ። አንድ ጎረቤት ከምትጥያቸው ስጪኝ አለቻት። ሰፊዋ ለማንም አልሰጥም ብላ አንድ በአንድ በመዶሻ ሰበረቻቸው። ጎረቤቷ ንፉግ ናት ብላ ሄደች።

ማክሰኞ መጣሁ አልመጣም፤ ባሏ መጣ። ከመኪናው ወርዶ ቦርሳውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆመ። ፍሪጁን አየ፣ ከአቧራ እንዲድን ፕላስቲክ የለበሰውን ጨርቅ አየ፣ ከማድ ቤቱ ደጃፍ አባቱ ያዘጋጁትን መዶሻና መሮ አየ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን አዲስ ሶኬት አየና ያምራል አለ። ቀጥሎም ለአንድ ሶኬት ብለሽ ቤቱን እንዲህ አመስሽው እንዴ አላት። ሰፊዋ አፏን ከፈተች፤ ከየት እንደምትጀምር ጠፋት።

አማቷ ከክፍላቸው ወጡ።

"ቁጭ በል" አሉት። "ጥፋቱ የእኔ ነው። እኔ እነግርሃለሁ።"

ልጃቸው ቦርሳውን አስቀምጦ ተቀመጠ። ሽማግሌው ከዘንጉ ጀመሩ፤ ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት ገበያ ላይ ካልነበረው። ስለ ባለቤታቸው ሲደርሱ ድምፃቸው ቆረጥ አለ፤ ግን አልዘለሉትም። ባሏ አንገቱን አቀርቅሮ እናቱ ፎጣ ይሰቅሉበት የነበረውን ቦታ ያስብ ነበር፤ እሱም በልጅነቱ ያ ፎጣ ለምን እንደተሰቀለ ጠይቆ አያውቅም። ሰፊዋ ጀርባዋን ሰጥታቸው የሚቀጥለውን ጨርቅ ዘረጋች። ጠመኔዋን ይዛ፣ ጆሮዋ ግን ወደ ኋላ ነበር። አማቷ ቀስ በቀስ እየሞቃቸው ሲሄዱ፣ ሄደን ጥሩ ሱቅ መረጥን፣ በማግኔት ፈተሽን፣ ይሄኛውን አልወደድነውም እያሉ መቀጠላቸውን ሰማች።

"አባባ" አለች ሳትዞር። "ሱቁን የመረጥኩት እኔ ነኝ።"

"እሷ ናት" አሉ አማቷ። "ሱቁን የመረጠችው እሷ ናት።" ከዚያ ጨመሩ፤ "ማድ ቤቱን ግን ከላይ ወደ ታች ነው የምንሰነጥቀው። በጎን ከሄድን ቧንቧውን እንመታዋለን።"

ሰፊዋ በጎን ነው የሚሻለው ብላ ተከራከረች። ባሏ መሮውን አንስቶ በሁለቱ መካከል እያፈራረቀ ያያቸው ነበር።